ያልተቀመሰው ዶሮ

ከኦሎምፒያ በተሳፈርኩበት ታክሲ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት አጠገቧ ላሉት እናት ጭንቀቷን ታወራለች።

«ሆቴል ውስጥ ወጥ ሠሪ ነኝ፣ እማማ። ጾም ስለሆነ ትናንት ዶሮውን ሳልቀምስ አወጣሁት። ጨው በዝቶበት ተመለሰ።»

«አለቃሽ ምን አለ?»

«ወይ ቅመሽ፣ ወይ ሥራውን ልቀቂ አለኝ። ዛሬ መልስ ይፈልጋል።»

«ምላስሽን አስነክተሽ ትፊዋ፣ ልጄ።»

«ምላሴን ከነካውማ ገደፍኩ ማለት አይደል?»

«እሱን የነፍስ አባትሽን ጠይቂ።»

«ጠየቅኳቸው እኮ። ‹እንጀራሽንም አትተዪ፣ ጾምሽንም አትግደፊ› አሉኝ።»

«ጥሩ መክረዋል።»

«ጥሩ ነው፤ ማለቴ፣ ዛሬም ዶሮ እሠራለሁ። በቃ ግራ ገባኝ።»

«ታዲያ አለቃሽ ራሱ ለምን አይቀምስም?»

«እሱማ ይጾማል።»

እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን የእንቁላል ሳንድዊች በእጄ ወደ ታች ገፋሁት።