እንግዳው እውነቱን ይወቅ

እኔ ራጅ የማነብ ሐኪም ነኝ። ያን ቀን ለስሞታ ወደ ምድር ቤት ስወርድ፣ አደጋ የደረሰባት አንዲት ሴት ቀዶ ጥገና ክፍል ተኝታ ነበር፤ የጭንቅላቷ ምስል ግን ጠብ፣ ጠብ እያለ ነው የሚደርሰኝ። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ከኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ጋር ከመላተም ለጥቂት ተረፍን። ሽበታም፣ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ የሚሠራ ነገር አይነካም ስለሚሉ «ጋሼ አይነኬ» እንላቸዋለን። የእህታቸው ልጅ፣ አዲሷ መሐንዲስ፣ ከኋላ ከኋላቸው እየተከራከረች ትከተላለች።

«ዶክተር፣ እስቲ ይፍረዱን!» አለችኝ።

«በምን ጉዳይ?»

«በዚያ በሚንቀራፈፈው ምስልዎ ነዋ! ምስሉን የሚያዘጋጀው ምናባዊ ማሽን ነው፤ በትልቁ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር ማለት ነው። እሱ እንግዳ ነው፣ ትልቁ አስተናጋጁ። እንግዳውን ግን አታለነዋል! የራሱ የኔትወርክ ካርድ ያለው ይመስለዋል። ካርድ የለም፤ አስተናጋጁ ነው ካርድ መስሎ የሚተውንለት። ለእያንዳንዷ ቁራጭ መረጃ እንግዳው ሥራውን ያቆማል፣ አስተናጋጁ ተነሥቶ ይተውናል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እውነቱን እንንገረው! ሁለቱም የሚደርሱበት አንድ የጋራ ማኅደረ ትውስታ ይኑራቸው። እንግዳው መረጃውን እዚያ ይከምርና አስተናጋጁን አንዴ ብቻ ይጥራው።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዳ ጓዳ ከገባ ምን ቀረ? ነገ የሌላውን በሽተኛ ምስጢር ቢበረብርስ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ልጄ።»

«የዘገየስ፣ አጎቴ? ሴትዮዋ እየጠበቀች እኮ ነው! ደግሞ ጓዳውን አልከፈትንም። የሚጋሩት ያችን ቦታ ብቻ ነው፤ ወሰኑን የሚያሰምረው አስተናጋጁ ነው፤ የመጣለትንም መርምሮ ነው የሚቀበለው። በዚህ መንገድ የሠራሁት የሙከራ ማሽን የምስሎቹን ቅጂ ይዞ ተዘጋጅቷል። አሮጌውን አልነካሁትም።»

የጋሼ ፍርሃት ከአላዋቂነት እንዳልመጣ ልብ ይሏል። የሰው ምስጢር የተሸከመ ሰው መጠራጠሩ ደግ ነው፤ ክፉው፣ ጥርጣሬን ሳይፈትኑ ማኖር ነው። እሳቸው ግን ሊፈትኑ ተነሡ።

«በይ ግቢ፤ በዓይኔ ልየው!»

ማራገቢያዎቹ በሚጮሁበት ክፍል ውስጥ፣ በመጀመሪያ እንግዳውን ከወሰኑ አልፎ እንዲያነብ ራሳቸው አዘዙት። ተከለከለ። በሌላ መንገድ ሞከሩት፤ አሁንም ተከለከለ።

«ልቀቂው!» አሉ።

ምስሎቹ ግር ብለው ገቡ! እኔ ወንበር እንኳ አልሳብኩም፤ ደም የቋጠረውን ቦታ ቆሜ አየሁት፤ ስልኩን አንሥቼ ለቀዶ ሐኪሙ «በግራ በኩል፣ ከጆሮዋ በላይ!» ብዬ ጮህኩ።

«እንዴት ያለ ነገር ነው!» አሉ ጋሼ፣ እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጭነው። «የአስተናጋጁን የሥራ ጫና እዩት፤ እፎይ ብሏል እኮ!»

እውነትም በትወና ይባክን የነበረው ጉልበት ለሌሎቹ እንግዶች ተረፈ፤ ምስል በሰዓቱ ደረሰ፤ ምስጢርም በወሰኑ ተጠበቀ። ሴትዮዋ ነቅታ ባሏን በስሙ እንደጠራችው ስንሰማ፣ ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ።

«ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? የላቦራቶሪውንም እንግዳ አምጪው እንጂ፤ እሱም እውነቱን ይወቅ!»