ጥቁሩ ጃንጥላ

የፓርላማው ምርጫ በተቃረበ ሰሞን፣ ከማክሰኝት ወደ ጎንደር በሚወጣው አውቶቡስ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴት ያወራሉ።

«አያ፣ ድምጥዎን ለማን ሊሰጡ ነው?»

«ምልክቱ በሬ ለሆነው ሰውዬ።»

«ያውቁታል?»

«እሱን አላውቀውም። በሬን ግን አውቀዋለሁ፣ ያርሳል።»

«ምነው ጃንጥላውን ተዉት? የተማረ ነው አሉ።»

«እኛ ዝናብ አጥተን ምህላ ይዘናል። እሱ ምልክቴ ጃንጥላ ነው እያለ ይዞራል።»

«ታቦትም እኮ በጃንጥላ ነው የሚወጣ።»

«የታቦቱማ ሸጋ ነው፣ ያብረቀርቃል። የዚህ ጥቁር ነው።»

«እንዲያ ከሆነ እኔም ለበሬው ነኝ። ማሽላዬ እየጠወለገብኝ ነው።»

የጃንጥላው ተወዳዳሪ እኔ ነበርሁና፣ ጉልበቴ ላይ ያስደገፍሁትን ጥቁር ጃንጥላ ቀስ አድርጌ ወንበሩ ስር ገፋሁት።