ጆሮህ አልተበጠሰም

ሄሎ… ሄሎ? ማካሜ፣ አንተ ነህ? … እኔ ነኝ፣ ሚስትህ ነኝ፣ ዙወና፤ ማን መሰለህ! … ቆይ፣ ወደ መስኮቱ ልጠጋ። አሁንስ ትሰማኛለህ?

… ከሆስፒታሉ ወጣህ? — እማማ፣ ልጅዎ ነው፣ ከዳሬሰላም። … በልቷል ወይ እያሉህ ነው። … በልቻለሁ ይላል እማማ፣ ዓሣ።

እሺ ንገረኝ፣ ምን አሉህ? … ተበጥሷል? የእጅ አንጓህ ጅማት? … ተመስገን ጌታዬ። አይ፣ መበጠሱን አይደለም፤ መታወቁን ነው። ዓመት ሙሉ «ራጁ ንጹሕ ነው» ሲሉህ፣ ኻቲብና ሌሎቹ የሙዚቃ ክለብህ ሰዎች ደግሞ «ማካሜ ኮርቶ ነው እንጂ አላመመውም» ሲሉ… እዚህ ቁጭ ብዬ ስሰማው የነበርኩት እኮ እኔ ነኝ።

… ታዲያ ያኔ ለምን አልታየም? … እጅህ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ስላነሱት። … ሲተኛ አጥንቶቹ ገጥመው ይቀመጣሉ። … ገባኝ፣ እንደ በራችን ማለት ነው፤ ዝግ ሲሆን ደህና ነው፣ ስትከፍተው ነው ማጠፊያው የሚወላልቀው።

… አሁን ግን እጅህን እያንቀሳቀስክ እንደ ፊልም አነሱህ። … እምቢ አለ? እጅህ? … ዓመት ሙሉ «አታንቀሳቅሰው» ተብሎ! ፈርቶ ነዋ፣ ምን ያድርግ። … እ… ሐኪሟ ሥራህን ጠየቀችህ… በስልኳ የእናንተን ሙዚቃ፣ ታራብ ከፈተችልህ? … እና እጅህ ኡድ እንደያዘ ሁሉ ባዶ አየር ላይ ክሮቹን መምታት ጀመረ። … አጥንቶቹ ሲራራቁ በዓይንህ አየህ።

የትኛውን ዘፈን? … ሄሎ? …

በሠርጋችን የመታኸውን።

… አላለቀስኩም። … እሺ፣ አለቀስኩ፣ ምን አለበት። ናፍቀኸኛል። ኡዱም ናፍቆኛል። እሱን አቅፈህ ከጀልባው ስትወርድ ቀኝ እጅህ ላይ ከወደቅክበት ቀን ጀምሮ ይሄ ቤት ጭር እንዳለ ነው። የጎረቤት ሬድዮ ሲዘፍን መስኮት እዘጋለሁ።

… ይሰፉታል? ከዚያስ ትመታለህ? … አታውቅም። … እንደ ድሮ ላይታጠፍ ይችላል። … ካልተሰፋ ደግሞ እየባሰ ይሄዳል። … አንተ ምን አልክ? … ምን? ኡዱን ለኻቲብ ስጪው? ከዚህ ሁሉ በኋላ?

አትዝጋ። ቆይ። — እማማ፣ ስልኩን ይያዙልኝ፣ ከግድግዳው ላወርደው ነው። … ወደ ኡዱ ያስጠጉት… እንደሱ።

ማካሜ፣ ይሄን ስማ፣ ክሮቹን ልንካቸው። …

… ወርዷል? ሁለተኛው ክር? … መቃኛውን ልጠምዝዘው? … አሁንስ? … ትንሽ ልጨምር… አለፈ? … መለስኩት። … «እዚያው ላይ ተዪው» አልክ። … አየህ? ከባሕር ማዶ ሆነህ ሰማህ። ጆሮህ አልተበጠሰም።

ይስፉት። ግማሽ ቢታጠፍም በግማሹ ትመታልኛለህ። ለኻቲብ የምነግረው እኔ ነኝ፣ ባለቤት አለው እለዋለሁ። … ምን አልክ? … ሦስተኛውን? እሺ፣ ይኸው… ሰማኸው? … ማካሜ? … ሄሎ?

— ተቋረጠ፣ እማማ። … አይ፣ አያስቀምጡት፣ እጅዎ ላይ ይሁን። መልሶ ይደውላል። ሦስተኛው ክር ገና አልተቃኘም፤ ልጅዎን አላውቀውም እንዴ፣ እንዲህ ትቶት አያድርም።