በአባባ ቤት ትኬት ቆርጠን

(የቀድሞው ፕሬዚዳንት የቤተሰብ ርስት፣ አሁን ሙዚየም የሆነው ትልቁ ቤት፣ ፎቅ ላይ። የፕሬዚዳንቱ ልጅ ስንዱ ዛሬ ከጅማ ገብታ ታናሽ ወንድሟ አምኃ እያስጎበኛት ነው፤ እሷ ግን እናታቸው ወደምትኖርበት የኋላ ቤት መሄድ ትፈልጋለች።)

ስንዱ፦ አልወጣም አልኩህ! ምድር ቤቱን አሳየኸኝ፣ ፎቁን አሳየኸኝ፣ አሁን ደግሞ ሰገነት? እኔ የመጣሁት እማዬን ላያት ነው።

አምኃ፦ እታለም፣ ትኬት ቆርጠን እኮ ነው የገባነው። ከሰገነቱ ርስቱ በሙሉ ይታያል፣ እስከ ወንዙ ድረስ።

ስንዱ፦ ወንዙን ዋኝቼበታለሁ። ለገዛ አባቴ ቤት ትኬት ማስቆረጥህ አንሶ ወንዝ ታሳየኛለህ?

አምኃ፦ ሕግ ነው፣ ምን ላድርግ። የፕሬዚዳንት ልጅ ነኝ ብሎ ዘው ማለት ቀርቷል።

ስንዱ፦ እስቲ ይሄን አንብብልኝ። «ክቡር ፕሬዚዳንቱ መጻሕፍት ያነቡበት የነበረ ወንበር»። የእማዬ ምስር መልቀሚያ አይደለም እንዴ!

አምኃ፦ ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል። አባባም አንድ ቀን ተቀምጦበት ይሆናል።

ስንዱ፦ አባባ መቼ ቤት ተቀምጦ ያውቃል? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። የእሷን ወንበር በገመድ አጠሩት፣ እሷን የኋላ ቤት አስቀመጧት። በል፣ ወደ እሷ ልውረድ።

አምኃ፦ ነገርኩሽ እኮ፣ ጸበል ሄዳለች።

ስንዱ፦ የት ጸበል?

አምኃ፦ ያው... ሩቅ ነው። ስልክ አይሠራም።

ስንዱ፦ ስልክ ካልክ፣ የኔን መልስልኝ።

አምኃ፦ ቻርጅ ላይ ነው።

ስንዱ፦ ስትወስደው ሙሉ ነበር። አምኃ፣ በዚያ መስኮት የኋላ ቤቱ ይታያል። ከዘራዋ በሯ ላይ ተደግፏል። ያለ ከዘራ ግቢ እንኳ የማትሻገር ሴት ናት ጸበል የሄደችው?

አምኃ፦ ሌላ ገዛሁላት።

ስንዱ፦ ውሸት አታውቅበትም፣ ጆሮህ ይቀላል። መቼ ነው?

አምኃ፦ ምኑ?

ስንዱ፦ የቀበራችኋት።

አምኃ፦ በእግዜር ይዤሻለሁ፣ እኔ ምንም አልነገርኩሽም።

ስንዱ፦ አልነገርከኝም። መቼ?

አምኃ፦ ማክሰኞ። ልደውልልሽ ስል ጋሼ ደጀኔ ከለከለኝ። «እህቴ ሞታ ለልጇ በስልክ መርዶ አይነገርም፤ መንገድ ላይ ብቻዋን ብትወድቅስ?» አለ። ነገ ማለዳ ዘመዱ ሁሉ ተሰብስቦ ሊነግርሽ ነው። እስከዚያ አዘናጋት ተባልኩ።

ስንዱ፦ በሙዚየም!

አምኃ፦ የት ልውሰድሽ ታዲያ? ከተማው ሁሉ ሰምቷል፤ ገና ሲያዩሽ «እግዜር ያጽናሽ» ይሉሻል። እዚህ የሚመጣው የሩቅ ጎብኚ ነው።

ስንዱ፦ እኛን የሚያውቅ ሰው የማይገኝበት የአባታችን ቤት ብቻ ሆነ በለኛ።

አምኃ፦ አታለቅሺም እንዴ?

ስንዱ፦ ምንም አይሰማኝም። ደንዝዣለሁ። ስንገባ የበሩ ዘበኛ ባርኔጣውን አውልቆ ዓይኔን ሲሸሸኝ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ የሰው ዕቃ አያለሁ፣ እሄዳለሁ፣ ደረጃ እወጣለሁ። በቃ።

አምኃ፦ የእናት ሞትና የድንጋይ መቀመጫ እያደር ይቆረቁራል።

ስንዱ፦ ለነገ ማለዳ ይደርስልኛል? ነገ እኮ መጮህ አለብኝ፣ ደረት መምታት አለብኝ። ከየት አመጣዋለሁ?

አምኃ፦ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ስንዱ፦ አንጀቴን ነው ያጣሁት። አባባ ሲሞት ያለቀሰው አገር ነው። ማርሽ ባንድ፣ ባንዲራ፣ አምባሳደር... ለእኛ ወረፋው ሳይደርሰን ተቀበረ። እማዬን እንኳ ሰው ሳይከበኝ ልሰናበታት። የክፍሏን ቁልፍ ስጠኝ፤ አንዴ አልጋዋ ላይ ልቀመጥ። ነገ እንዳልሰማ ሆኜ እሰማላችኋለሁ።

አምኃ፦ አልችልም። ለጋሼ ደጀኔ ምዬለታለሁ። መርዶ ሳይነገራት አስገባት ከተባልኩ ዕድሜ ልኬን መነወሪያ እሆናለሁ። ሁሉም ነገር በወጉ ይሁን።

ስንዱ፦ በወጉ! አንተስ መርዶህን በወጉ ማን ነገረህ?

አምኃ፦ ለእኔ?

ስንዱ፦ አዎ፣ ለአንተ። ማን መጣ? ማን ደግፎ ያዘህ?

አምኃ፦ ማንም። አጥሚቷን ይዤ ስገባ እኔው ነኝ ያገኘኋት። የተኛች መስሎኝ ስኒውን አስቀምጬ ጠበቅኳት።

ስንዱ፦ ከዚያስ?

አምኃ፦ ከዚያማ ሥራ ነው። ሳጥን፣ ድንኳን፣ ቄስ፣ ለዘመድ መደወል። ከዚያ ደግሞ አንቺ።

ስንዱ፦ አለቀስክ?

አምኃ፦ ሰው ሲያለቅስ ወንበር አቀርብ ነበር። ቀብር ላይ እንኳ ድንኳኑ ውኃ ያስገባል አያስገባም እያልኩ ነበር የማስበው። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

ስንዱ፦ ና፣ እዚህ ደረጃው ላይ ተቀመጥ።

አምኃ፦ ጎብኚ እየወጣ ነው፣ መንገድ እንዘጋለን።

ስንዱ፦ ይዘጋ። መርዶ ቆሞ አይሰማም።

አምኃ፦ እታለም፣ ተይ...

ስንዱ፦ እጅህን ስጠኝ። አምኃ፣ ወንድሜ፣ እናታችን ሞታለች።