የእሑዱ ሸሚዝ

(ደብረ ማርቆስ፤ ዓርብ ከሰዓት። እሑድ ለውብአንቺ ከእጮኛዋ ከናሁሠናይ ሽማግሌ ይመጣል፤ እናቷ ወይዘሮ አምሳለ የታመመውን ልጃቸውን የይበልጣልን ልብስ በሻንጣ ይከታሉ፤ ውብአንቺ መልሳ ታወጣለች።)

ውብአንቺ፦ አይሄድም አልኩሽ እኮ እማዬ!

አምሳለ፦ ሦስት ቀን ነው። ገጠር አጎቱ ዘንድ ይቆይና ሰኞ ይመለሳል። ሽማግሌ ፊት ብቻውን ቢያወራስ? «ዘራቸው እብደት አለበት» ለማለት የሰው አፍ ቅርብ ነው።

ውብአንቺ፦ ናሁሠናይ ያውቃል። ነግሬዋለሁ።

አምሳለ፦ በስመ አብ! ምን አለሽ?

ውብአንቺ፦ «ልጆቻችንስ?» አለኝ። የይበልጣል ሐኪም ዘንድ አብረን ሄድን።

አምሳለ፦ ሐኪሟስ ምን አለች?

ውብአንቺ፦ «በዘር ይመጣል፤ ግን እንደ ርስት አይወረስም» አለችን። ከእናትም ከአባትም ብዙ ጥቃቅን ነገር ይጠራቀማል፤ የኑሮው ጭንቀትም ይጨመርበታል። ወንድም ወይም እህት ከታመመባቸው አሥር ሰዎች ዘጠኙ ደህና ናቸው አለች።

አምሳለ፦ አንዱስ?

ውብአንቺ፦ አንዱን ማን ያውቃል? እኔም ልሆን እችላለሁ። ይኼን ሰምቶ ነው እሑድ ሽማግሌ የሚልከው።

አምሳለ፦ ይባረክ፤ የጨዋ ልጅ ነው።

ውብአንቺ፦ «ከይበልጣል በፊት በቤታችሁ የታመመ አለ?» ብላም ጠየቀችኝ። «እናቴ የለም ብላለች» አልኳት። ... እማዬ? ምን ሆንሽ?

አምሳለ፦ እህት ነበረችኝ። ፈንታነሽ።

ውብአንቺ፦ ዘመድ ስትቆጥሪልን ስሟን ጠርተሽ አታውቂም!

አምሳለ፦ እኛ ቤት የታመመ አይቆጠርም። እሷም እንደሱ ነበረች፤ ከማይታይ ሰው ጋር ስታወራ ትውላለች።

ውብአንቺ፦ ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ «ጫት ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው» ስትይ ታውቂ ነበር?

አምሳለ፦ በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት።

ውብአንቺ፦ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልሽ አሳድገሽን!

አምሳለ፦ ተረቱማ ለሰው ነዋ! ከእኔ ነው የወሰደው ብዬ እንዴት አፌን ልክፈት?

ውብአንቺ፦ ማን መርጦ ይሰጣል እማዬ? የዓይኑንስ ቀለም አንቺ መርጠሽለታል?

አምሳለ፦ እሱን ተይው። የከፋው ሌላ ነው። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሽማግሌ የላከብኝ ዕለት ፈንታነሽን ጭድ ቤት ቆለፍኩባት። በእጄ። ከጠዋት እስከ ማታ ትንፍሽ አላለችም።

ውብአንቺ፦ ፈርታ?

አምሳለ፦ እኔም ፈርታ መስሎኝ ነበር። ስከፍትላት ግን እየሳቀች፣ «እሺ ተባባላችሁ? እኔ እኮ ድምፄን አላሰማሁም» አለችኝ።

ውብአንቺ፦ ወይኔ እማዬ...

አምሳለ፦ በሠርጌም ቀን ቆለፍንባት። በዓመቱ ሞተች፤ ለቅሶውንም ሳናበዛ ቀበርናት።

ውብአንቺ፦ አታልቅሺ በቃ። ሻንጣውን ወደ ጓዳ ልመልሰው?

አምሳለ፦ መልሺው። ነጩን ሸሚዙን ግን ከውስጡ አውጪና ተኩሺለት፤ እሑድ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው።