«ሽጉጡን ሲወለውል ነው»

እስቲ ዝም በሉ! ሩስ፣ ያንን ቢራ አስቀምጥና ስማ። እኔ ሸርሊ ንግግር አልወድም፤ ቨርሊን ደግሞ ሰው ስለሱ ሲያወራ መስማት አይወድም። ዛሬ ግን የጡረታ መሸኛው ነውና ሁለታችንም እንችለዋለን።

ቨርሊን ሆፍስታድ መጀመሪያ ሽጉጥ ሱቃችን የመጣ ዕለት ባንኮኒው ጋ ነበርኩ። ሽማግሌው ቦይድ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሰው ሲቀጥር ብዙ አይጠይቅም ነበር፤ ሽጉጥ ያቀብልና አያያዙን ያያል። ለቨርሊንም ዘረጋለት። ይሄ ቀጭን ሰውዬ እጁን ኪሱ እንደከተተ ቆመ።

«ምነው፣ ይነክስሃል?» አለው ቦይድ።

«ከፍተው ያሳዩኝና እቀበላለሁ።»

«ባዶ ነው!»

«ይሆናል።»

ሞንታና ውስጥ የሱቅ ባለቤትን እንዲህ ማለት ማዕድ ላይ ተቀምጦ ምግቡን እንደማሽተት ነው። ቦይድ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ጥይት መያዣውን፣ ካርታውን፣ አወጣ፣ ማቀባበያውን ሳበ፣ ከፍቶ ሰጠው። ቨርሊን ተቀብሎ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እንደገና ራሱ አየ! ትንሿን ጣቱን ከትቶ ዳሰሰ።

«ውሸታም ነህ እያልከኝ ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ሰው ነዎት ነው የምለው።»

ቦይድ ወደኔ ዞረና «ይሄ ሰው ደንበኛ ያባርርብናል» አለኝ። ከዚያ ቀጠረው። እውነትም ስንቱን አባረረ!

ቅዳሜ ቅዳሜ ቨርሊን በጓሮው ክፍል ለጀማሪዎች የሚሰጠውን የሽጉጥ አወላወል ትምህርት ያልቀመሰ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ? እጁን ያውጣ። ይኸው፣ የለም። በሩ ላይ የብስኩት ቆርቆሮ ይዞ ይቆማል፤ ኪሱ ጥይት ያለበት ሁሉ እዚያ ይጥላል። ሽጉጥ በሚወለወልበት ክፍል ጥይት የሚባል ነገር አይገባም። ፓስተር ኤምሪ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከኮትዎ አንዲት ጥይት ስትገኝ «የሰይጣን ሥራ ነው» አላሉም? «ሰይጣን ኮት የለውም ፓስተር፤ ሌላኛውንም ኪስ ይፈትሹ» አላቸው። ሌላኛውም ኪስ ውስጥ ነበረች።

ግሌንዳ ደግሞ ሽጉጧን በዘይት ስታጥበው «እመቤቴ፣ ሰላጣ እኮ አይደለም! ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ ጥረጊው» አላት። ዶናት የያዘውን ደግሞ ከነዶናቱ ያስወጣዋል። «የእርሳስ ብናኝ ነው የምትበላው። እጅህን ታጠብ። በሳሙና!» እኔ ራሴ ስንት ክረምት በዚያ በረዶ ውሃ እጄ ተሰነጣጠቀ።

«መጀመሪያ ካርታው!» የሚለውን ጩኸቱን በእንቅልፋችሁም ትሰሙታላችሁ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ነው። ማቀባበያውን ይስባል፣ አንዷ ጥይት ተፈናጥራ ስትወጣ ባዶ ሆነ ብሎ ያምናል፤ ካርታው ግን እዚያው ስላለ ሽጉጡ ሌላ ጥይት ጎርሷል። አንዳንዱ ሽጉጥ ደግሞ ምላጩን ካልሳቡት አይፈታም። ስለዚህ ካርታው ይውጣ፣ ይሳብ፣ ይታይ፣ በጣት ይዳሰስ፣ እንደገና ይታይ፣ አፈሙዙም ማንም ወደሌለበት ይዙር። ሚስቱ ኤድና «ቤታችን ቴርሞስ ሳይቀር ሁለቴ ከፍቶ ያያል» ትላለች።

እሺ። ሳቁ ይብቃን።

ዳሪን ኦስትቦን ሁላችሁም ታውቁት ነበር። ከቨርሊን ተማሪዎች እንደሱ የተጠነቀቀ አላየሁም። ከዓመታት በፊት፣ በመከር ወር፣ ጋራዡ ውስጥ በጥይት ሞቶ ተገኘ። በዚህ ሸለቆ አንድ ሰው በገዛ እጁ ሲሄድብን የምንላት ነገር አለች፦ «ሽጉጡን ሲወለውል ነው።» ሸሪፉ ይላታል፣ ጋዜጣው ይጽፋታል፣ ቀብር ላይ እንደጋግማታለን። ለሚስት ነው፣ ለልጆች ነው፣ ክፋት የለውም እንላለን።

ደግነት ነው። ግን ዕዳው አንድ ሰው ላይ ይወድቃል። ሲወለውል ከሞተ ማን ነው ያስተማረው? የጓሮው ክፍል ወንበሮች ባዶ ሆኑ። ነዳጅ ማደያው ጋ አንዱ፣ ስሙን ዛሬ አልጠራም፣ «ተማሪህን ገደልከው» አለው። ቨርሊን ባርኔጣውን አወለቀና «አዎ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አለ። በቃ።

ቨርሊን ግን ያውቅ ነበር። ሸሪፉ የዳሪንን ሽጉጥ ከነመወልወያ ሳጥኑ ፈትሽልን ብሎ ሲያመጣው አጠገቡ ነበርኩ። ከአንዷ ጥይት ጥላሸት በቀር ብረቱ ከውስጥም ከውጭም ተወልውሎ አልቋል፣ ዘይቱ በልኩ ተቀብቷል፣ ብሩሹና ጨርቁ ሳጥናቸው ውስጥ ተሰድረው ተቀምጠዋል። ዳሪን ወልውሎ ከጨረሰ ቆይቷል። «ቨርሊን፣ ይሄ እኮ...» ስል «ሸርሊ፣ የዳሪን ልጅ ገና ትንሽ ናት» አለኝ። አፌን ዘጋሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አመጣ። ፊቱ የጠቆረበት ሰው፣ የተፋታ፣ ከብቱ ያለቀበት፣ ሱቅ ሲገባ ጠጋ ይልና «ሽጉጥህ ቆሽሿል፤ እኔ ጋ ተወው፣ ጊዜ ይወስዳል» ይለዋል። ያልቆሸሸ ሽጉጥ እንኳ እስከ ጸደይ በሱቃችን የብረት ካዝና ውስጥ ተቆልፎ ከረመ። ጥያቄ የለም። ግን በየሳምንቱ ስልክ ይደውልለታል፣ እራት ና ይለዋል። ጤናው ሲመለስ ሽጉጡን ይመልስለታል። ከእነሱ ውስጥ ዛሬ እዚህ ተቀምጣችሁ ሥጋ የምትበሉ አላችሁ። ደስ ይለኛል።

ዘንድሮ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማንም ሳይነግረው ራሱ «በዚህ እጅ ጀማሪ አላስተምርም» ብሎ አቆመ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

ዛሬ ጠዋት የዳሪን ሚስት ጆሊን ኦስትቦ ሱቅ መጣች። ያቻትላችሁ፣ በሩ ጋ፣ ከልጇ ጋር። «ሸርሊ፣ ልጄ አደገች። እሑድ ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። ይሄ ሰውዬ የእኔን ውሸት ተሸክሞ ቤቱ አይገባም። ንግግር ታደርጊ የለ? ንገሪያቸው» አለችኝ። «በሰው ፊት? እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት። «በሰው ፊት ነው የተዋረደው» አለችኝ።

ስለዚህ እናገራለሁ። ዳሪን ኦስትቦ ሽጉጥ ሲወለውል አልሞተም። አዝኖ ነበር፤ ሐዘኑን ማናችንም አላየንለትም። መወልወሉን ግን በደንብ ተምሯል።

ቨርሊን፣ ያንን ሁሉ ዓመት ስለቻልከው እግዚአብሔር ይስጥህ። የካዝናው ቁልፍ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ነው፤ ልባችሁ የከበደ ዕለት ሽጉጣችሁን አምጡልኝ፣ እኔም ቆሽሿል እላችኋለሁ። ዕድሜ ከጤና ይስጥህ፣ ከኤድና ጋር ያለሥጋት ዓሣ አጥምድ።

ተነሱ፣ ብርጭቆ አንሱ። ጆሊን፣ መጀመሪያ አንቺ አንሺ። ልጅሽም ታንሳ፣ የሎሚ ጭማቂም ቢሆን።

ለመምህራችን! ቨርሊን፣ አንተ ደግሞ ቀና በል። ሰው ሁሉ እያየህ ነው።