የረቡዕ ምሳ

ዲግሪ ይዤ ወረታ ስመጣ፣ ለእኔ የታሰበውን የኃላፊነት ወንበር ስሙን በወጉ ለማይጽፍ የባላባት ልጅ ሰጥተው እኔን የእሱ ጸሐፊ አደረጉኝ፤ እሱን ተዉት። ባለቤቴ ጤና ጣቢያ በማለዳ ስለምትገባ የልጃችንን ምሳ የምቋጥረው እኔ ነኝ። አንድ ረቡዕ ተቻኩዬ እንጀራውን በቅቤና በአይብ ለውሼ ትምህርት ቤት ሰደድኋት።

የግብረ ገብ አስተማሪው መሪጌታ አስጠሩኝ። ልጄ ምሳዋን ተቀምታ ታለቅሳለች፤ ከጎኗ የአለቃዬ ልጅ እርጎውን ይጠጣል።

«ምነው ጌታው፣ ያን ሁሉ ተምረው ረቡዕን ረሱት?»

«የዚህ ልጅ እርጎስ፣ መሪጌታ?»

«ሆዱን ያመዋል ብለው አባቱ በደብዳቤ አስፈቅደዋል። ምን ያለ ደብዳቤ መሰለዎ! እርስዎም እንዲያ መጻፍ ቢችሉ ኖሮ ለልጅዎ በተፈቀደላት።»

ሰኞ ዕለት እኔው ጽፌ፣ የሚፈርምበትን ቦታ በጣቴ ያሳየሁት ደብዳቤ ነበር።